ፓይፕ ፊተር በኤአይ ዘመን፦ የእጅ ስሌት ከሥልጠና ይውጣ?

አወያይ፦ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለኢንዱስትሪ ፓይፕ ፊቲንግ (ቱቦ ቆርጦ የመግጠም ሙያ) ሠልጣኞች የእጅ ስሌት ማስተማር ትተው በቀጥታ ወደ ሶፍትዌርና ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይግቡ የሚል ሐሳብ እዚህ ቀርቧል። ደጋፊም ተቃዋሚም በቁጥር ያስረዳ።

ድሮዊንግ ክፍል፦ እደግፋለሁ። አይሶሜትሪኩን (የቱቦ መስመሩን የሥራ ንድፍ) ተቀብሎ ስንት ኤልቦ (ማጠፊያ)፣ ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰር ክብ ማገናኛ)፣ ቡሎንና ጋስኬት (በፍላንጆች መሐል የሚገባ ማሸጊያ) እንደሚያስፈልግ መልቀም፣ የ6 ሜትሩን ቱቦ ብዙ ቁርጥራጭ ሳይተርፍ መደልደል፣ ለየብየዳው ቁጥር መስጠት ዛሬ የማሽን ሥራ ነው። ቅርንጫፍ የሚወጣበትን የኮርቻ ቅርጽም ሲኤንሲ ፕላዝማ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ) ከነቤቭሉ፣ ለብየዳ ከሚዘጋጀው ሰያፍ ጠርዝ ጋር፣ ይቆርጠዋል። እንደ ጁቤይልና ሩዋይስ ባሉ የባሕረ ሰላጤው የኢንዱስትሪ ከተሞች በሚሠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ስፑሉ (ተበይዶ የተገጣጠመው የቱቦ ክፍል) ወርክሾፕ አልቆ ነው ወደ ሳይት የሚሄደው። ልጆቻችንን የሚጠብቃቸው ይህ ከሆነ የ45 ዲግሪ ሰያፍ ለማግኘት በ1.414 ማባዛት ላይ ወራት የሚያጠፉት ለምንድን ነው?

ፊተር ከመተሐራ፦ ወንድሜ፣ ስለ ወርክሾፑ ያልከውን እቀበላለሁ። ስለ 1.414 ግን አልስማማም።

ባለ 6 ኢንች መስመር 500 ሚሜ ወደ ጎን በ45 ዲግሪ ይዛወር እንበል። 500 በ1.414 ሲባዛ ሰያፉ 707 ይሆናል። የ6 ኢንች 45 ዲግሪ ኤልቦ ከመሐል እስከ ጫፍ 95 ሚሜ ስለሆነ ለሁለቱ 190 ይቀነሳል፤ 517 ቀረ። ለሁለቱ የብየዳ ክፍተቶች በ3 በ3 ሚሜ ስንቀንስ የሚቆረጠው 511 ሚሜ ነው። ስሌቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ማሽኑ 447 ብሎ ሲያወጣለት ወዲያው ይጠራጠራል፤ ቁጥሩ የመጣው የ8 ኢንች ኤልቦ መጠን፣ 127 ሚሜ፣ ተወስዶ ነውና። ስሌቱን የማያውቀው ልጅ ግን ይቆርጠዋል፤ 64 ሚሜ ያጠረ ቱቦ ደግሞ አይረዝምም። የደበዘዘ አሮጌ ድሮዊንግ በስካን ሲነበብ ሌላም ስሕተት ይመጣል፦ ሎንግ ራዲየስ (ሰፋ ብሎ የሚታጠፍ) 90 ዲግሪ ኤልቦ በ6 ኢንች 229 ሚሜ፣ ሾርት ራዲየሱ (ጠበብ ብሎ የሚታጠፈው) 152 ሚሜ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ከተነበበ 77 ሚሜ ይሳሳታል።

የእኛ አገር ሥራ ደግሞ በብዛት ጥገና ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ዋናውን ጥገና የሚያካሂዱት ክረምት ላይ ወፍጮው ቆሞ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ፋብሪካው እየሠራ በሌዘር ስካነር ቢቀረጽ የሚለካው ትኩስ መስመር ነው። 40 ሜትር የካርቦን ብረት መስመር ከ20 ወደ 220 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 96 ሚሜ ይረዝማል። በዚያ ልኬት የተሠራ ስፑል መስመሩ ሲቀዘቅዝ ቦታውን አያገኝም። ስካነሩ የሚያየውም የኢንሱሌሽኑን (የሙቀት መከላከያ ሽፋኑን) ገጽ እንጂ ቱቦውን አይደለም፤ ኢንሱሌሽኑ ከረገበ የቱቦው መሐል የት እንዳለ በግምት ነው የሚወሰደው።

ድሮዊንግ ክፍል፦ በትኩስ መቅረጽ የአሠራር ስሕተት ነው፤ መሣሪያው ጥፋት የለበትም። ሙቀቱ ከተመዘገበ ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል።

ፊተር ከመተሐራ፦ ሙቀቱ መመዝገብ እንዳለበት የሚያውቀው ማን ነው? ቱቦ ምን ያህል እንደሚረዝም የተማረ ፊተር አይደለም ወይ? መስመሩ በየትኛው ሳፖርት (መደገፊያ) ላይ ተይዞ በየትኛው በኩል እንደሚንሸራተት ሳይታወቅ 96 ሚሜውን ለሁለቱ ጫፎች ማከፋፈልም አይቻልም።

ኢንስፔክተሯ፦ እኔ ከጥራት በኩል ልጨምር። ባለ 6 ኢንች ክላስ 150 (የግፊት ደረጃ) ፍላንጅ 8 ቀዳዳዎች አሉት፤ ሁለቱ ከመሐል መስመሩ ግራና ቀኝ 22.5 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ፑንታ (ጊዜያዊ የነጥብ ብየዳ) ሲመታ ፍላንጁ 1.5 ዲግሪ ከዞረ ቀዳዳዎቹ ከ3 ሚሜ በላይ ይዛነፋሉ፤ ይህ ቢ 31.3 በተባለው የኢንዱስትሪ ቱቦ ሥራ ኮድ ከሚፈቀደው ውጭ ነው። ብየዳው ሲቀዘቅዝም ይሰበሰባል፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ከተበየደ ፍላንጁ ወደዚያ ይጎተታል። ፊተሩ ስኳድራና ውሃ ልክ ይዞ ከየብየዳ ዙሩ በኋላ እየለካ ቀጣዩን በተቃራኒው ጎን ያስበይዳል።

ከባዱ ጥፋት ፓምፕ ላይ ነው። ያልገጠመ ፍላንጅ በቼይን ብሎክ (በሰንሰለት ማንሻ) ተጎትቶ ቡሎን ሲገባበት ከውጭ ያማረ ይመስላል፤ ከዲዛይን ግፊቱ 1.5 እጥፍ በሆነ የውሃ ሙከራም አይፈስም። ጉልበቱ ግን የፓምፑን አካል ያጣምመዋል፤ በመጀመሪያ የፓምፑ ሲል (ፍሳሽ የሚከለክለው ማሸጊያ)፣ ቀጥሎም ቤሪንጉ ያልቃል። የሚታወቀው ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ፓምፑንና ሞተሩን በሚያገናኘው ካፕሊንግ ላይ አስሮ ቡሎን በተጠበቀ ቁጥር በማየት ነው፤ መርፌው ከ0.05 ሚሜ በላይ ከሄደ ይፈታል፣ ቱቦው ይስተካከላል። የኤክስሬይ ፊልም ላይ አረፋና ስንጥቅ የሚጠቁም ኤአይ ይጠቅመኛል፤ ይህን ጉዳት ግን የትኛውም ፊልም አያሳይም።

አሠልጣኙ፦ የሁላችሁንም አየሁ። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው፦ ማሽኑ የሚወስደው የወርክሾፕ ሥራ ጀማሪው የሚማርበት ሥራ ነው። ቱቦ ሳይቆርጥና ቤቭል ሳይሞርድ፣ የሁለት ቱቦዎች ውስጠኛ ጠርዝ በ1.5 ሚሜ ሲበላለጥ ምን እንደሚሆን ሳያይ፣ ኢንስፔክተሯ ያለችውን የፓምፕ ግጥሚያ ማን ይሠራል? ስለዚህ ስሌቱ ይቆይ፣ ሶፍትዌሩም ይግባ፤ ፈተናው ግን ይቀየር። ለሠልጣኙ ከኤአይ የወጣ የመቁረጫ ዝርዝር ሆን ተብሎ ሦስት ስሕተት ገብቶበት ይሰጠው። ሳያገኛቸው ግራይንደር አይንካ።

ድሮዊንግ ክፍል፦ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ለመነሻ ያህል ሦስቱ የኤልቦ ራዲየስ፣ የጋስኬት ውፍረትና የብየዳ ክፍተት ይሁኑ፤ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ፊተር ከመተሐራ፦ የፍላንጁን የቀዳዳ አቀማመጥ አራተኛ አድርጉት። ሳይት ላይ የሚበየደው ጫፍም 100 ሚሜ ትርፍ ካልተተወለት ሠልጣኙ ዝርዝሩን መልሶ ይላከው።