የጋራ የምልከታ ዕቅድ፦ ከጋማ ጨረር ፍንዳታ በኋላ ሱፐርኖቫውን መጠበቅ (ረቂቅ 2)

አስተባባሪ፦
ወገኖች፣ ረቂቁ ላይ «የጋማ ጨረር ፍንዳታዎችን ድኅረ ፍካት (ከፍንዳታው በኋላ እየደበዘዘ የሚቆየውን ብርሃን) እንከታተላለን» ብለን ጽፈናል። ይሄ ምኞት እንጂ ዕቅድ አይደለም። የትኛውን ፍንዳታ? እስከ መቼ? ምን ለማወቅ? የቴሌስኮፕ ሰዓት የሚፈቅዱልን ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሐሳባችሁን እዚሁ አስፍሩ።

የቴሌስኮፕ ክፍል፦
እኔ ፍጥነት ላይ እናተኩር ባይ ነኝ። ስዊፍት የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ፍንዳታ ሲያይ የኤክስሬይ ቴሌስኮፑ በደቂቃዎች ውስጥ ቦታውን በጥቂት አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600 ነው) ልዩነት ይለያል፣ መልእክቱም የፍንዳታ ዜና በሚያሰራጨው መረብ በጂሲኤን ወዲያው ይደርሰናል። ሌላው የጠፈር ቴሌስኮፕ ፌርሚ ብቻውን ያየውን እንተወው፤ የቦታው ስሕተት ብዙ ጊዜ በዲግሪ የሚቆጠር ስለሆነ ለጠባብ ካሜራችን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ጂአርቢ 080319ቢ (ጂአርቢ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ምሕጻር ነው) እኮ በዓይን እስከመታየት ደርሷል፣ ያውም ሬድሺፍቱ (የርቀት መለኪያ ነው፤ ሲበልጥ ርቀቱ ይበልጣል) 0.937 ሆኖ! የዘገየ ግን አያገኘውም።

የብርሃን ልኬት ክፍል፦
ወንድሜ፣ በዚያ ሩጫ አንቀድምም። ሮቦት ቴሌስኮፖች በሰከንዶች ውስጥ ዞረው ፎቶ ሲያነሱ እኛ ገና ጣሪያ እንከፍታለን። የእኛ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፤ በተለያየ ኬንትሮስ ያሉ ብዙ አባላት አሉን፣ አንድን ነገር ለሳምንታት ሳናቋርጥ ማየት እንችላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድኅረ ፍካት በመጀመሪያው ምዕራፍ ጊዜው 10 እጥፍ ሲረዝም ብርሃኑ በግምት 10 እጥፍ ይቀንሳል፣ ማለትም 2.5 ማግኒቲዩድ (የብርሃን መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ብርሃኑ ይደበዝዛል) ይወርዳል። ጄቱ፣ ማለትም ፍንዳታው የሚረጨው ጠባብ ጅረት፣ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ቁልቁለቱ ይብሳል። ረጅም ፍንዳታ (ከሁለት ሰከንድ ገደማ በላይ የሚቆይ) ከሆነና የወለደው የግዙፍ ኮከብ መፍረስ ከሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ቁልቁል የሚወርደው የብርሃን መስመር ላይ ጉብታ ይወጣል፤ ሱፐርኖቫው፣ ማለትም የፈነዳው ኮከብ ብርሃን፣ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1998 የታዩት ጂአርቢ 980425 እና ሱፐርኖቫ 1998ቢደብሊው ይህን ዝምድና የጠቆሙ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሐሳቡን የምንመሠርተው እዚህ ላይ ቢሆን ይሻላል።

የስፔክትረም ክፍል፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ጉብታን ብቻ አይታችሁ «ሱፐርኖቫ» አትበሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2003 የታየውን ጂአርቢ 030329 አስቡት። ሬድሺፍቱ 0.1685 ነበር፣ ቅርብ የሚባል። ድኅረ ፍካቱ ራሱ ይነሣ ይወድቅ ስለነበር ከመስመሩ ብቻ ሱፐርኖቫውን መለየት አስቸጋሪ ነበር። ነገሩ የተረጋገጠው ከሳምንት ገደማ በኋላ የ1998ቢደብሊው ዓይነት ሰፋፊ ጉብታዎች ስፔክትረሙ (በየቀለሙ የተበተነው ብርሃን) ላይ ብቅ ሲሉ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ «ልኬት እናቀርባለን፣ ማረጋገጫውን ከትልቅ ቴሌስኮፕ ስፔክትረም ጋር እናመሳክራለን» ይባል።

አንጋፋ አባል፦
ልጆች፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሱፐርኖቫ ባይወጣስ? እ.ኤ.አ. በ2006 ጂአርቢ 060614 ከ100 ሰከንድ በላይ ቆይቶ፣ ሬድሺፍቱም 0.125 ሆኖ፣ ሱፐርኖቫ ተፈልጎ ጠፋ። በ2021 የታየው ጂአርቢ 211211ኤ ደግሞ ረጅም ነበር፣ ተከትሎት የመጣው ግን የኪሎኖቫ ምልክት ነው፤ ያ ደግሞ የኒውትሮን ኮከቦች (የሞቱ ግዙፍ ኮከቦች ጥቅጥቅ ቅሪቶች) ግጭት የሚተወው ብርሃን ነው። «አላየንም» ማለትም ውጤት ነው፣ እስከ ስንት ማግኒቲዩድ ወርደን እንዳላየን በቁጥር ከጻፍን።
ሁለተኛ፣ ከፍኖተ ሐሊብ ወለል አጠገብ ያሉትን አስወጡ። የ2022ቱ ጂአርቢ 221009ኤ እጅግ ብሩህ ሆኖ እንኳ አቧራው ሥራውን አክብዶታል።

የብርሃን ልኬት ክፍል፦
ጋሼ፣ ሁለቱንም ወስጃለሁ። የርቀት ገደቡንም በዚሁ እንወስን። እንደ 1998ቢደብሊው ያለ ሱፐርኖቫ ሬድሺፍት 0.1 ላይ በደመቀበት ሰዓት ወደ 19 ማግኒቲዩድ ነው፤ 0.3 ላይ 22 ገደማ ይሆናል። እኛ ምስል ደራርበን ወደ 20 ብንወርድ ነው። ገደቡ 0.15 ይሁን። እንዲህ ያለ ቅርብ ፍንዳታ ብርቅ ስለሆነ «በየወሩ ውጤት እናወጣለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ፣ ያሳፍረናል።

የቴሌስኮፕ ክፍል፦
ሬድሺፍቱ እኮ መጀመሪያ ሌሊት አይታወቅም።

የብርሃን ልኬት ክፍል፦
ልክ ነህ፣ የአንተ ፍጥነት የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ስዊፍት ቦታውን የለየውን ሁሉ የመጀመሪያውን ሌሊት እናያለን። ሬድሺፍቱ በጂሲኤን ሲወጣ ከ0.15 በላይ ከሆነ እናቆማለን፤ ካልሆነ እስከ 40ኛው ቀን እንቀጥላለን።

ገንዘብ ያዥ፦
ረቂቁ ላይ ሁለት ዓመት ለምን ተጠየቀ? አንድ አይበቃም?

የብርሃን ልኬት ክፍል፦
አይበቃም። ሱፐርኖቫው ከከበበው ጋላክሲ ብርሃን ጋር ተደባልቆ ነው የሚለካው። ከዓመት በኋላ፣ ፍንዳታው ከጠፋ ወዲያ፣ ጋላክሲውን ብቻ በዚያው ካሜራና በዚያው ፊልተር እንደገና አንስተን መቀነስ አለብን። ይህን የዘለለ ልኬት ማንም አይቀበለውም።

አስተባባሪ፦
እንግዲያው የመምረጫ መስፈርቱን የቴሌስኮፕ ክፍል፣ የልኬትና የጋላክሲ ቅነሳውን ክፍል የብርሃን ልኬት፣ «ባይታይስ» የሚለውን ጋሼ ይጻፉልን። ፊልተርስ?

የስፔክትረም ክፍል፦
ቀይና የቅርብ ኢንፍራሬድ። እንዲህ ያሉ ሱፐርኖቫዎች ሰማያዊው ላይ ብርሃናቸው በብረት መሰል ንጥረ ነገሮች ይዋጣል፤ እዚያ ጊዜ አናባክን።

አስተባባሪ፦
የቅርብ ኢንፍራሬድ ፊልተር ያላችሁ አባላት የካሜራችሁን ዓይነት ጨምራችሁ ከዚህ በታች ጻፉ። ሰንጠረዡን ከዚያ እሞላለሁ።