እናቴን ደረቷን አሟታል፣ ኢንሹራንስ የላትም። የትኛው ሆስፒታል ልውሰዳት? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ቤዛ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣች 5 ሳምንቷ ነው። ከራት በኋላ ደረቷን ጨምድዶ ያዛት። ወደ ጀርባዬ ይሄዳል ትላለች። ያልባታል። እሷ ግን "ጨጓራዬ ነው፣ ተልባ በጥብጪልኝ" ነው የምትለኝ። ኢንሹራንስ አልገዛሁላትም ነበር። አሁን ኦንላይን አንድ አገኘሁ፣ ዛሬ ከተገዛ ከነገ ጀምሮ ይሠራል ይላል። ገዝቼ ጠዋት ልውሰዳት? ወይስ ያለ ኢንሹራንስ የሚቀበል፣ ዋጋው የማይከብድ ሆስፒታል የምታውቁ አላችሁ?

ዳዊት ከቨርጂኒያ፦
ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ ቀላል ሕመም የሚያይ ክሊኒክ) ውሰጃት። ኢመርጀንሲ ከገባሽ በሺህ የሚቆጠር ቢል ነው የሚመጣብሽ። ኧርጀንት ኬር ግን እዚያው ከፍለሽ ትወጫለሽ።

ጋሽ መኮንን፦
ልጄ፣ እናት ስትመጣ ከትኬቱ በፊት የሚገዛው ኢንሹራንስ ነው። አውሮፓ ቢሆን ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ካላሳየች ቪዛውም አይሰጣትም። አሜሪካ ለጎብኚ ይህን ስለማይጠይቅ ሰዉ ይዘናጋል። ስንት ሰው አየሁ እናቱን አምጥቶ ሶፋ፣ አልጋ፣ ጋቢ ሲያዘጋጅ! ይህችን ግን ይረሳታል። ወጣቶች ይህን ነገር ልብ በሉ።

ነርስ ሰላም፦
ቤዛ፣ አሁኑኑ 911 ደውዪ። ሌላውን በኋላ ታነቢዋለሽ።
ኢመርጀንሲ ክፍል ነው የምሠራው። ላብ ያለበትና ወደ ጀርባ የሚሄድ የደረት ሕመም እስከ ጠዋት አይጠበቅም። እናትሽ ስኳር ወይም ግፊት አለባት? ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ሴት፣ የልብ ሕመሙ ጨጓራ ሊመስል ይችላል። ኧርጀንት ኬር ብትወስጃት እነሱም አምቡላንስ ጠርተው ሆስፒታል ነው የሚልኳት። የምታባክኚው ጊዜ ነው። በራስሽ መኪናም አትውሰጃት። አምቡላንስ ውስጥ የልብ ምርመራውን መንገድ ላይ ይጀምሩላታል። አስፕሪን ልስጣት ካልሽ ስልኩን ያነሳውን ሰው ጠይቂ፣ በራስሽ አትስጪያት።

ቤዛ፦
ስኳርም ግፊትም አለባት። አምቡላንስ አልሳፈርም ብላ አስቸገረችኝ። "ልጄን ዕዳ ውስጥ አልከትም" እያለች ነው። ደግሞስ ያለ ኢንሹራንስ ሄደን ቢመልሱንስ?

ነርስ ሰላም፦
አይመልሷችሁም። በ1986 የወጣ ኤምታላ የሚባል የፌደራል ሕግ አለ። ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ የሚቀበል ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ክፍል ካለው የመጣውን ሰው የመመርመር፣ አደጋ ላይ ካለ ደግሞ የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ይህ ማለት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሆስፒታል ነው። ኢንሹራንስ ኖራት አልኖራት፣ ቪዛዋ ምን ይሁን ምን። ስለዚህ "ያለ ኢንሹራንስ የሚቀበል" ብለሽ አትፈልጊ። የት እንደምትሄድ አምቡላንሶቹ ይወስኑ። የልብ ደም ሥር መክፈት የሚችለው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ዳዊት ከቨርጂኒያ፦
እኔ አሁንም ኧርጀንት ኬር ነው የምለው። ባለፈው ዓመት ሆዴን አሞኝ እዚያ ሄጄ በሰዓት ውስጥ ጨረስኩ።

የእማማ ልጅ፦
ዳዊት ወንድሜ፣ ያንተ ሆድ ሌላ፣ የሷ ደረት ሌላ።
ቤዛዬ፣ የኔ እናት እጇ ተሰብሮ "ወለም ብሎኝ ነው፣ ወጌሻ ፈልጉልኝ" ያለች ናት። ዳላስ መሃል ወጌሻ! የእናቶቻችንን ምርመራ መስማት የለብንም። "እማዬ፣ አንቺ ከተረፍሽልኝ ዕዳ ይከፈላል" ብለሽ እቅፍ አድርጊያት። እንቢ ካለች እያለቀስሽ ለምኛት። ለእኔ የሠራልኝ እሱ ነው።
ደግሞ እዚያ ስትደርሱ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ነፃ ነው፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያገናኟችኋል። እኔ ሳስተረጉምላት አፍራ የደበቀችኝን ለአስተርጓሚዋ ነው የነገረቻት። መድኃኒቷን ማቆሟን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ቤዛ፦
ደወልኩ። እየመጡ ነው። ኢንሹራንሱን አሁን ልግዛው?

ገነት ቢሊንግ፦
ተይው። የጎብኚ ኢንሹራንስ ሳይገዛ በፊት የጀመረ ሕመም አይከፍልም። መቼ እንደጀመራት ደግሞ ሐኪሙ ፋይሏ ላይ ይጽፈዋል። ገንዘብሽን ያዢ።
ሆስፒታል ቢሊንግ ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለ ፊርማው ልንገርሽ። ሪሴፕሽን ላይ ታብሌት ይሰጡሻል። ለሕክምና መስማማት አንድ ነገር ነው፣ ክፍያውን እወስዳለሁ ብሎ መፈረም ሌላ ነገር ነው። እናትሽ አዋቂ ስለሆነች ቢሉ በስሟ ነው የሚወጣው። አንቺ ዋስ ሆነሽ ከፈረምሽ ግን ዕዳው ያንቺም ይሆናል። "እኔ ልጇ ነኝ፣ ከፋይ አይደለሁም" በይ። ለቪዛዋ የግብዣ ደብዳቤ መጻፍሽ ለሕክምና ዕዳ ዋስ አያደርግሽም። ብዙ ሰው በዚህ ፈርቶ ነው የሚፈርመው።
ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ፋይናንሻል ካውንስለር የሚባለውን የሆስፒታሉን የክፍያ አማካሪ ጠይቂ። ለትርፍ የማይሠሩ ሆስፒታሎች በሙሉ በጽሑፍ ያለ የክፍያ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው የፌደራል ሕግ ያስገድዳቸዋል። ለማመልከት ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ ቢያንስ 240 ቀን አለሽ። ጎብኚን ይጨምራል ወይ የሚለው እንደየሆስፒታሉ ነው፣ ሳትጠይቂ አትተዪ። የሚታየው ገቢ ነው፣ የሷ ገቢ ደግሞ የአዲስ አበባ ጡረታ ከሆነ ያንኑ አሳዪ።

ዳዊት ከቨርጂኒያ፦
ካሽ እከፍላለሁ ካልሽ ግማሹን ይቀንሱልሻል። እኔ እዚህ አስቀንሻለሁ።

ገነት ቢሊንግ፦
ቨርጂኒያ ይሆናል። ሜሪላንድ ግን የሆስፒታሉን ዋጋ የሚወስነው የስቴቱ ኮሚሽን ነው፣ ባለ ኢንሹራንሱም የሌለውም የሚጠየቀው በዚያው ዋጋ ነው። የሐኪሞቹ ክፍያ ግን በዚህ ውስጥ የለም። ኢመርጀንሲ ያያት ሐኪም፣ ምስሉን ያነበበው፣ አምቡላንሱ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ቢል ሊልኩ ይችላሉ። ድርድሩ እነሱ ጋ ይሠራል። ሁሉንም በዝርዝር ይላክልኝ በይ። ያልተሰጣት ነገር ተጽፎ ሲገኝ በየሳምንቱ ነው የማየው።

ቤዛ፦
መጥተዋል። ይዘዋት ሊወጡ ነው።

ነርስ ሰላም (በማግስቱ)፦
ቤዛ፣ እንዴት አደረች? ሌሊቱን ሳስባችሁ ነው ያደርኩት።

ጋሽ መኮንን፦
ልጄ፣ ማታ ጊዜው አልነበረም፣ ይቅር በይኝ። እግዚአብሔር ይማርልን። ሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነኝ። ሆስፒታል ሰው ካስፈለገሽ፣ ምግብም ቢሆን፣ እዚሁ ጻፊልኝ።

ሄለን፦
እኔም አንብቤ ፈራሁ። አማቴ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። 71 ዓመታቸው ነው፣ ግፊት አለባቸው። ምን ዓይነት ኢንሹራንስ ልግዛላቸው?

ገነት ቢሊንግ፦
ሁለት ዓይነት ነው የሚሸጠው። አንዱ ለእያንዳንዱ ሕክምና ቁርጥ ያለ ትንሽ ገንዘብ የሚከፍል ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ለአንድ የልብ ሌሊት ምንም አይጠቅምም። ሌላው መጀመሪያ ራሳችሁ ከምትከፍሉት ድርሻ በኋላ አብዛኛውን፣ ውሉ እስከሚፈቅደው ጣሪያ ድረስ የሚከፍል ነው፣ ኮምፕሪሄንሲቭ ይሉታል። እሱን ግዢ። ለነባር ሕመም "አኪውት ኦንሴት" የሚል መስመር አለው ወይ ብለሽ እይ። ግፊታቸው ድንገት ቢነሳ የሚሸፍነው እሱ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ብዙዎቹ ጣሪያውን ዝቅ ስለሚያደርጉ የሳቸውን ዕድሜ አስገብተሽ አንብቢ። ከቦሌ ከሚነሱበት ቀን ይጀምር።

ነርስ ሰላም፦
መድኃኒታቸውን ለሚቆዩበት ጊዜ በሙሉ ይዘው ይምጡ። ስሙንና መጠኑን ሐኪማቸው በእንግሊዝኛ ይጻፍላቸው። ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው።
ቤዛ፣ ሲመችሽ አንድ ቃል ጻፊልን።