የጣዕም ሲጋራና ሺሻ የጋራ ሐሳብ፦ ክፍል 3ን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ማኅበራችን ለጤና ቢሮ ከሚያቀርበው የጋራ ሐሳብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች አልቀዋል፣ እናመሰግናለን። የቀረው ክፍል 3 ነው። ረቂቁ «የሐዋሳ ወጣቶች እገዳው በጥብቅ እንዲፈጸም ይጠይቃሉ» ይላል። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት።

የታቦር ክፍለ ከተማ ተወካይ፦ እኔ አልስማማም። እገዳውንማ እደግፋለሁ፤ አዋጅ 1112/2011 ጣዕም ያለው ትምባሆ እንዳይሸጥ ከከለከለ ቆይቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም እንደዚሁ። ግን ወጣቶቹን ማን ጠየቃቸው? ረቂቁን ስንጽፍ ሺሻ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ እንኳ አልነበረችም። ከሰል እያቀጣጠለች የምታመሸው እሷ ናት፤ ጢሱን ከደንበኛው እኩል ትስባለች። ፍተሻ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ዘወር ይልና ተጠያቂዋ እሷው ትሆናለች። በስሟ ከመፈረማችን በፊት እናነጋግራት።

የትምህርት ዘርፍ፦ ወንድሜ፣ እናነጋግራት ማለትህ ልክ ነው። የምሰጋው ሌላ ነው፦ «ማን ወከላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ኩባንያዎችም ይጠቀሙበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የሲጋራ ጣዕሞችን በሕግ ስትከለክል ሜንቶልን፣ ማለትም ጉሮሮን የሚያቀዘቅዘውን የናና ጣዕም፣ ተወችው። ሜንቶል ኩባንያዎቹ በጥቁሮች ሰፈር ለአሥርተ ዓመታት ሲያስተዋውቁት የኖሩት ነው፤ ከሚያጨሱ ጥቁር አሜሪካውያን አብዛኞቹ የሚያጨሱትም እሱን ነው። በ2022 እሱንም የሚከለክል ረቂቅ ደንብ ሲቀርብ ጥቁሮቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤንኤኤሲፒ ደገፈ። ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዮርክ ውስጥ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል ተብሎ በፖሊስ እጅ የሞተውን ኤሪክ ጋርነርን እያነሱ፣ ፖሊስ በዚህ ሰበብ ያንገላታናል አሉ። ስጋታቸው እውነት ነበር። ነገር ግን ከተቃወሙት መካከል የትምባሆ ኩባንያ ገንዘብ የደረሳቸው ድርጅቶችም ነበሩ። ደንቡ በ2025 መጀመሪያ ተሰረዘ፣ ሜንቶሉም ገበያ ላይ ቀረ።

ስለዚህ የምንፈርም ሁሉ ከትምባሆ አምራች፣ አስመጪም ሆነ ሻጭ ገንዘብ እንዳልተቀበልን በጽሑፍ እናረጋግጥ። አገራችን በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አንቀጽ 5.3ም ፖሊሲን ከኢንዱስትሪው ጥቅም ጠብቁ ይላል።

የታቦር ክፍለ ከተማ ተወካይ፦ ይሁን፣ «ሻጭ» ግን ይውጣ። በዚህ አጻጻፍ ሱቅ በደረቴው ልጅ ለማኅበራችን መዋጮ ከከፈለ፣ ከሻጭ ገንዘብ ስለተቀበልን መፈረም አንችልም። ሳጥኑ ውስጥ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ጥቂት ሲጋራ ይዞ አሞራ ገደል የሚዞረውን ልጅ ከአስመጪው ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ቅጣቱም ከአስመጪና ከጅምላ አከፋፋይ ይጀምር ብለን እንጻፍ።

የትምህርት ዘርፍ፦ በዚህ እስማማለሁ። «አምራች፣ አስመጪና ጅምላ አከፋፋይ» ይባል።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ነው። «የሐዋሳ ወጣቶች» የሚለው ወጥቶ የእኛው ማኅበር ስም ይገባል። የሺሻ ቤት ሠራተኞቹን ሴት አባሎቻችን ያነጋግሩልን፤ ስማቸውም ሆነ የሚሠሩበት ቤት እንዳይጻፍ አደራ። ሱቅ በደረቴዎቹን የታቦሩ ወንድማችን ይያዝ። የእነሱ ቃል ሳይገባ ረቂቁ ወደ ጤና ቢሮ አይሄድም፤ የዓርቡ ቀነ ገደብም በአንድ ሳምንት ተራዝሟል።