ከ9 ወደ 10 ክር ስቀይር የጊታሩ አንገት ጎበጠ፤ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) ልንካው?

ባቲ_ማይነር
ሰላም ለሁላችሁ። ጊታሩ ስትራት ቅርጽ ያለው ኤሌክትሪክ ነው፤ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) በስፕሪንግ የተያዘ፣ የሚንቀሳቀስ ተንሳፋፊ ትሬሞሎ፣ የትረስ ሮዱ ቀዳዳ ደግሞ ከክር መወጠሪያዎቹ በኩል። የነበረውን 9-42 ክር (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት ናቸው) አውጥቼ 10-46 አሰርኩ፤ ቅኝቱ አልተቀየረም፣ መደበኛው ኢ ነው። አሁን 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ብረቶች 12ኛው) ላይ የወፍራሙ ኢ ክር ከፍታ 2.6 ሚሜ ደርሶ እጅ ያደክማል። ሳድሎቹን (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱን ክር የሚሸከሙትን) ዝቅ ሳደርግ ደግሞ ከ12ኛው በላይ ያሉት ኖታዎች ዝዝ ይላሉ። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ንጹሕ ነው። ትረስ ሮዱን ላጥብቀው? ስንት ዙር? ያለኝ ተራ ማስመሪያ ብቻ ነው፣ ስስ መለኪያ የለኝም።

ካቻቢቴ
ምልክቶቹ የሚናገሩት ሪሊፉ (የአንገቱ ወደ ፊት መጉበጥ) በዝቷል ነው፤ አንገቱ በክሩ ጉልበት ወደ ፊት ተስቧል። በ648 ሚሜ የክር ርዝመት 9-42 አንገቱን በ38 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፣ 10-46 ግን በ47 ገደማ። ሮዱ የተስተካከለው ለመጀመሪያው ነበር። የአንገቱ መሃል ሲጎደጉድ ክሩ ከፍሬቶቹ ይርቃል፤ ያንን ለማካካስ ሳድል ስታወርድ ከ12ኛ በላይ ያሉትን ፍሬቶች መምታት ይጀምራል። በተቃራኒው ሪሊፍ ሲያንስ ዝዝታው የሚሰማው ከ1ኛ እስከ 5ኛ ነው። ክፍት ክር ብቻ ዝዝ ካለ ደግሞ የነቱ (በአንገቱ ራስ በኩል ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ) ቦይ ጠልቋል ማለት ነው፣ እሱን ትረስ ሮድ አያድነውም።

ያም ሆኖ ሳትለካ ቁልፍ አታስገባ። መለኪያ የለኝም አልክ እንጂ አለህ፦ ያወጣኸው የ9 ክር። የክር ቁጥር የኢንች ሺኛ ስለሆነ 009 ማለት 0.23 ሚሜ ነው፤ 011 0.28፣ 016 0.41፣ 024 ደግሞ 0.61 ይሆናል። ከእያንዳንዳቸው ቀጥ ካለው ክፍል ጣት የሚያህል ቁረጥ። መወጠሪያው ላይ ተጠምዝዞ የነበረውን ጣለው፣ ጠማማ ቁራጭ ያታልላል።

ጊታሩን እንደምትጫወተው አድርገህ ያዘው። ጀርባው ላይ አጋድመህ ራሱን ካስደገፍከው አንገቱ ስለሚገፋ ልኬቱ ይለወጣል። መጀመሪያ ቃኘው። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) እሰር፣ ወፍራሙን ኢ የመጨረሻው ፍሬት ላይ በጣትህ ተጫን። አሁን ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነልህ። 8ኛው ፍሬት አናት ላይ ከክሩ ሥር ቁራጮቹን ከቀጭኑ ጀምረህ አሳልፍ። ለ9.5 እስከ 12 ኢንች ራዲየስ (የአንገቱ ፊት ክብነት) አምራቹ ፌንደር የሚመክረው 0.25 ሚሜ ነው፤ ራዲየሱ 7.25 ለሆነ የቆየ ሞዴል 0.3። ስለዚህ 009 ክሩን ሳይነካ ማለፍ፣ 011 ግን ትንሽ ማንሳት አለበት።

አንቺሆዬ
ልኬቱ ላይ ከካቻቢቴ ጋር ነኝ፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አይደለሁም። ተንሳፋፊ ትሬሞሎ ብሏል እኮ! ከኋላ ያሉት ስፕሪንጎች የተወጠሩት ለ9 ነው። 10 ሲገባ ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የኋላ ጠርዙ ይነሳል፣ ሳድሎቹም አብረው ከፍ ይላሉ። ከ2.6ቱ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ሳታይ ሮዱን ካጠበቅክ በሌላው ጥፋት እሱን መቅጣት ይሆናል።

የጀርባውን ክዳን ክፈት። ስፕሪንጎቹን ከእንጨቱ ጋር የያዘውን ብረት ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ታገኛለህ። ሁለቱንም እኩል ግማሽ ዙር አጥብቅ፣ እንደገና ቃኝ፣ ብሪጁን ከጎን እይ። የኋላ ጠርዙ ከገላው 3.2 ሚሜ ገደማ ሲነሳ ልክ ነው። ስፕሪንጉ በጠበቀ ቁጥር ቅኝቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ግድ ነው፤ አሰልቺ ሥራ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

ካቻቢቴ
ትክክል፣ ትሬሞሎውን ዘልዬዋለሁ። ካፖው 1ኛ ላይ፣ ጣት መጨረሻው ፍሬት ላይ ስለሆነ የሪሊፍ ልኬት ራሱ በሳድል ከፍታ አይዛባም፤ 12ኛው ላይ ያለው 2.6 ግን ይዛባል። ብሪጁን አስቀድም።

ባቲ_ማይነር
ብሪጁን አስተካከልኩ፣ 3 ሚሜ አካባቢ ነው። 12ኛው ላይ ያለው ከፍታ ወደ 2.2 ወረደ። ሪሊፉን ስለካ 016 ሳይነካ ያልፋል፣ 024 ግን ክሩን ያነሳዋል። ከፍ ያሉት ኖታዎች አሁንም ዝዝ ይላሉ።

ካቻቢቴ
እንግዲህ በ0.41 እና በ0.61 መካከል ነህ፤ በእርግጥ በዝቷል። ወደ ሮዱ እንሂድ።

ብዙ ጊታር የሚበላሸው ቁልፉ ላይ ነው። የቁልፍ መጠን እንደ አምራቹና እንደ ዘመኑ ይለያያል፦ ፌንደር ብዙውን ጊዜ 1/8 ወይም 3/16 ኢንች፣ ጊብሰን 5/16 ኢንች ዳዶ፣ አይባኔዝ በአብዛኛው 7 ሚሜ ዳዶ። 1/8 ኢንች 3.18 ሚሜ ስለሆነ የ3 ሚሜ አለን (ባለ ስድስት ማዕዘን) ቁልፍ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ስታጥብቅ የቀዳዳውን ማዕዘን ይልጠዋል። ከተላጠ በኋላ ማውጣቱ የባለሙያ ሥራ ነው። ቁልፉ ሳይወዛወዝ እስከ ታች ካልገባ አታዙር።

ፊትህን ወደ ቀዳዳው አድርገህ በሰዓት አቅጣጫ ስታዞር ይጠብቃል፣ ሪሊፉም ይቀንሳል። (ቀዳዳው ከገላው በኩል በሆነ ጊታርም ከዚያው ጫፍ ሆነህ ነው የምታየው፤ ብዙ ሰው የሚገለባበጥበት እዚህ ጋ ነው።) መጀመሪያ ትንሽ አላላው፣ የደረቀ ጥርስ ይለቃል። ከዚያ ከነበረበት ሩብ ዙር አጥብቅ፣ ቃኝ፣ ለካ። በአንድ ጊዜ ከሩብ አትለፍ። አንዳንድ አንገት ሙሉ መልሱን የሚሰጠው አድሮ ስለሆነ በማግስቱ ድገመው።

ሮዱ ከብዶ ከመጣ ጉልበት አትጨምር። ክሮቹን አላላ፣ የአንገቱን መሃል በእጅህ ቀስ አድርገህ ወደ ኋላ እየገፋህ አዙር፤ ሮዱ አንገቱን ራሱ እንዲስብ ሳይሆን የተገኘውን ቦታ እንዲይዝ ነው የምትፈልገው። ሙሉ ዙር አጥብቀህ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ወይ ዳዶው የጥርሱ መጨረሻ ደርሷል፣ ወይ ሮዱ ችግር አለበት። እዚያ ላይ አቁም።

ውጭ_አገር
እዚህ ሜሪላንድ ክረምት ሲገባ ማሞቂያው የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው አንገት በየወቅቱ ይንቀሳቀሳል። አዲስ አበባም ቢሆን በሰኔና በጥቅምት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። አቅጣጫው እንደ እንጨቱ ስለሚለያይ «በዝናብ ጊዜ አጥብቅ» የሚባል ሕግ አትያዙ፣ ለኩ። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጊታሩ ከኬዝ ውጭ ግድግዳ ላይ ከዋለ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መለካት ነው።

ባቲ_ማይነር
በሁለት ሩብ ዙር 009 ያልፋል፣ 011 ይነካል። ሳድሎቹን 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሜ አደረግኳቸው። ሁሉም ጸድቷል፣ የቀረው አንድ ነው፦ 2ኛው ክር 15ኛው ፍሬት ላይ ብቻ ዝዝ ይላል።

አንቺሆዬ
ይሄ ከሪሊፍ ጋር አይገናኝም። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ዝዝ ካለ ከሱ ቀጥሎ ወደ ብሪጁ ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው። 3.5 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ብረት በ2ኛው ክር ሥር 15ኛ፣ 16ኛና 17ኛው ፍሬት ላይ ብቻ አሳርፍ። እንደ ሚዛን ከተወዛወዘ 16ኛው ነው። ጫፉ ከእንጨቱ ተነቅሎ እንደሆነ አይተህ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታው፤ ተቀምጦ እያለ ከፍ ያለ ከሆነ ግን መሞረድና ማክበብ ይፈልጋል፣ ያንን ለሠሪ ስጠው። ኢንቶኔሽኑን (ክሩ በየፍሬቱ ሁሉ ቅኝቱን መጠበቁን) የምታስተካክለው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ስትቃኝ 3ኛው ክር ነቱ ላይ «ጢንግ» እያለ ከዘለለ፣ ቦዩ ለ016 ተቆርጦ 017 ጠቦታል፤ ለጊዜው የእርሳስ ግራፋይት አድርግበት።