ሌንሴን ውስጡ ጭጋግ ሞላው፤ ዋላዎቹን ነገ ንጋት ላይ ማንሳት አለብኝ

እንግዳዋ (ከምሽቱ 1:20)
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ያለሁት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዘመዶቼ ቤት ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው የቤተ ክርስቲያን ደን ዋላዎች አሉ። ዛሬ አመሻሽ ላይ አንድ ቀንዳም ከደኑ ጫፍ ወጥቶ ቆመልኝ፤ ሳነሳው ግን ፎቶው ሁሉ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ሌንሱን ሳየው ጭጋግ ይዟል። ብጠርገው አይለቅም። ነገ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ምን ላድርግ?

የቡሬው
ሩዝ ውስጥ ቅበሪው። ስልኬ ውኃ ውስጥ ወድቆ የዳነው በሩዝ ነው።

የደንበጫ ልጅ
ሩዝ ባይኖር ጎጃም ላይ ጤፍ አይጠፋም! ጎተራው ውስጥ አሳድሪው፣ ድኩላውም ሽታውን ተከትሎ ይመጣልሻል።

ሌንስ ጠጋኙ
እህቴ፣ ጤፍ እንዳትሞክሪ። ቀልድ ቢሆንም የሚያደርገው ሰው አይጠፋም። ጤፍ በሌንሱ ቀለበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ሳይፈቱት አይወጣም። ሩዝም ዱቄት አለው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገሪን፦ ጭጋጉ ከፊተኛው መስታወት ላይ ነው ወይስ ከውስጥ? ዝናብ ነክቶታል? ካሜራው ቀን የት ነበር የዋለው?

መምህር ዘጮቄ
ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይስተካከል። በኢትዮጵያ የዱር ዋላ የለም። የዋላ ዘር በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። የዋላ ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በየዓመቱም ረግፎ እንደገና ይበቅላል። የእኛዎቹ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ግን ቀንዳቸው አይረግፍም። ይህን የምለው ለማረም ያህል አይደለም፤ የዋላን ጠባይ ከውጭ አገር ቪዲዮ አጥንታ የምትሄድ ሰው መንጋ ስትጠብቅ ትውላለች። ድኩላ ብቻውን የሚሄድ እንስሳ ነው።

እንግዳዋ
መምህር፣ አመሰግናለሁ፤ የጠየቅሁት ግን ስለ ሌንሱ ነበር። ለማንኛውም ቀንዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፤ ሲያየኝ እንደ መጮህ ብሎ ገባ። ሌንሱን በተመለከተ፦ ዝናብ የለም። ጠዋት ውርጭ ላይ ቆይቼ ስመለስ እንዲሞቅ ብለው ምድጃው ዳር አስቀመጡልኝ፤ እንጀራ እየተጋገረ ነበር። ጭጋጉ ከውስጥ ነው።

መምህር ዘጮቄ
እንግዲያው ወንድ ድኩላ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም።

ሌንስ ጠጋኙ
ነገሩ ግልጽ ሆነ። የቀዘቀዘ መስታወት የምጣድ እንፋሎት ባለበት ቤት ሲገባ እርጥበቱ ላዩ ላይ ውኃ ይሆናል፤ በቀለበቱ በኩልም ወደ ውስጥ ዘልቋል። አሁኑኑ ባትሪውን አውጪ። ሌንሱን ከካሜራው ለይተሽ የካሜራውን አፍ ክደኚ። የሚረዝም ሌንስ ከሆነ እስከ መጨረሻው አርዝሚው፤ ታጥፎ ከተቀመጠ አየር አያገኝም። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር የሚመጡትን እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶች ከቤተሰቡ ሁሉ ሰብስቢና ሌንሱን ከእነሱ ጋር ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ፣ ምግብ በማይበስልበት ክፍል አሳድሪው። እሳት አታስጠጊው፤ የውስጡ ቅባት ቀልጦ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። ሌሊቱን ላይለቅ ይችላል፤ ያኔ ጠዋት ፀሐይ እስኪነካው ጠብቂ።
ከእንግዲህ ደግሞ ከብርድ ወደ ቤት ከመግባትሽ በፊት፣ ገና ደጅ ሳለሽ ፌስታል ውስጥ አስገብተሽ እሰሪው። እንፋሎቱ ከፌስታሉ ላይ ይቀራል።

የቡሬው
እኔ አሁንም ሩዝ ነው የምለው።

ባለ ፈረሱ
እኔ ያደግሁት እዚያው አዊ ነው። ልጄ፣ ከደኑ ከመግባትሽ በፊት ቄሰ ገበዙን አስፈቅጂ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በእነሱ ጥበቃ ነው፤ ዙሪያውን እርሻና ለከሰል የተተከለ ደከረንስ የሚባል ዛፍ ነው፣ ለድኩላው ሌላ መሸሸጊያ የለውም። ቄሱ ከፈቀዱልሽ ፍሬ የያዘ ሾላ ይጠቁሙሽ። ጦጣና ጉሬዛ ከላይ ሲበሉ የሚያረግፉትን ድኩላ ከሥር መጥቶ ይለቅማል፤ ስለዚህ ድኩላውን ከመፈለግ ዛፉን መፈለግ ይቀላል። ጢስ የገባበት ጋቢ አትልበሺ። ነፋሱን በአመድ ቆንጥረሽ እይው፤ ሌሊት ወደ ታች የሚወርደው አየር ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ላይ ይዞራልና ንጋት ላይ ከዛፉ በታች በኩል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ከበላይ በኩል ቁሚ። እንደ ውሻ ከጮኸ አይቶሻል፤ አትከተይው። ግልገል ተኝቶ ብታገኚም እናቱ ሸሽጋው ነው የሄደችው፤ አትንኪው፣ ፎቶ ብለሽም አጠገቡ አትቆዪ። የደኑንም ስም ፎቶው ሥር አትጻፊ። በውሻ የሚያድኑ አሉ።

ከማርቆስ
ባለ ፈረሱ ትክክል ነው፤ የሰፈርኩበትን ቦታ ጽፌ የሚያድኑ ሰዎች መጥተው ያየሁበት ጊዜ አለ። ስለ ካሜራው፦ ደን ውስጥ ንጋት ላይ ብርሃን ትንሽ ነው። ሌንስሽ 300 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሸተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ፍጥነት) ከ1/300 ሰከንድ አይዘግይ፤ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ድረስ ከፍ ማድረግ አትፍሪ። ደቃቅ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይሻላል ከተንቀጠቀጠ። ፎከሱን በአንድ ነጥብ ብቻ አድርጊና ዓይኑ ላይ አሳርፊ፣ አለበለዚያ ካሜራው ፊት ለፊት ያለውን ቅጠል ይይዛል። ፍላሽ አታብሪ።

ሌንስ ጠጋኙ
ጭጋጉ በከፊል ቢቀር ደግሞ ፀሐይን ከኋላሽ አድርጊ። ብርሃን ፊት ለፊት ሲገባ ነው የሚብሰው። ትንሽ የነጣውን በኮምፒውተር ማጥቆር ይቻላል። አዲስ አበባ ስትደርሺ ግን አስፈትሺው፤ እርጥበት ከቆየበት መስታወቱ ላይ ፈንገስ ይበቅላል።

የደንበጫ ልጅ
ሁለተኛ ሌንስ የለሽም እንዴ? አጭርም ቢሆን ሾላው ሥር ከቀደምሽው ይበቃሻል።

መምህር ዘጮቄ
እህታችን፣ ከረጢቶቹን አገኘሽ? ባትሪውንስ አወጣሽ?