ከ«አንቱ» ወደ «አንተ»፦ ውጭ አገር በብዙ ዘርፍ ልቦለድ እየጻፉ ስለ መኖር

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የአገሬ ልጆች። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አሜሪካ ከገባሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ቀን መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ ሌሊት በእንግሊዝኛ ልቦለድ እጽፋለሁ። ጽፌ የጨረስኳቸው ሦስት ናቸው። አንዱ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው በአንኮበር ተራራ ላይ የሚፈጸም ምትሃታዊ ታሪክ ነው፤ ሦስተኛው ግን ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር የሚተርክ፣ የገላ ግንኙነታቸውንም ሳይሸፋፍን የሚናገር የወሲብ ልቦለድ ነው። ሦስቱን በአንድ ስም ላውጣቸው ወይስ ልለያያቸው? ከዚህ ሥራ የቤት ኪራይ የሚሸፍን ገቢ ይገኛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በዕድር በምንገናኝ ወገኖቼ መካከል፣ አገር ቤት ባሉት ወላጆቼም ፊት፣ ሦስተኛውን መጽሐፍ የጻፈ ሰው ሆኜ እንዴት እኖራለሁ? በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ ቢመክረኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

ወንድሜ፣ እኔ እህትህ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ በልቦለድ መተዳደር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። የወንጀል ታሪክ፣ የፍቅር ልቦለድ፣ አልፎ አልፎም የሳይንስ ልቦለድ እጽፋለሁ፤ በሴቶች መካከል ወይም በወንዶች መካከል ያለ ፍቅርና ፍትወት የሚተረክበት የወሲብ ልቦለድም እጽፋለሁ። የጠየቅኸው ሁሉ ደርሶብኛልና ሳላሳጥር ልመልስልህ።

በስሙ ልጀምር። ሦስቱን በሦስት ስም አውጣቸው፤ ይህን የምመክርህ ግን እንድታፍርበት አይደለም። የወንጀል ታሪክ የሚያነብ ሰው ገዳዩ ማን እንደሆነ በመጨረሻ እንዲነገረው ይጠብቃል፤ የፍቅር ልቦለድ የምትገዛ አንባቢ ሁለቱ ተዋዳጆች ተስፋ ባለው ፍጻሜ እንደሚገናኙ አምና ትገዛለች፤ በወሲብ ልቦለድ ደግሞ ፍትወቱ ራሱ የታሪኩ አከርካሪ ስለሆነ እርሱን ብታወጣው የሚቀር ታሪክ የለም። አንባቢ በስምህ የሚያውቀው ይህንን የጠበቀውን ነገር ነው። እኔ ይህን ባለማወቄ የመጀመሪያውን የወንጀል መጽሐፌንና የሁለት ሴቶችን ታሪክ በአንድ ስም አወጣኋቸው። አብራኝ ቅዳሴ የምትቆም አንዲት እህት ልታበረታታኝ ብላ የወንጀሉን መጽሐፍ ከገዛች በኋላ፣ መደብሩ ሌላውን «ይህንንም ሊወዱት ይችላሉ» ብሎ አቀረበላት። አልተቆጣችኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከቅዳሴ በኋላ በሌላው በር ትወጣ ነበር። እርሷ ፈልጋ ያላነበበችውን ነገር እኔ ነኝ እጇ ላይ ያስቀመጥኩት፤ እስከ ዛሬም የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

በብዕር ስም መጻፍ ሕጋዊ ነው። ውልና የግብር ቅጽ ላይ እውነተኛ ስምህ ይገባል፤ ሽፋኑ ላይ የብዕር ስምህ ይቆማል። አንድ ነገር ግን አስቀድመህ ወስን። በአሜሪካ ሕግ በብዕር ስም የወጣ ሥራ የባለቤትነት መብት ከታተመ 95 ዓመት ወይም ከተጻፈ 120 ዓመት፣ ከሁለቱ የሚቀድመው እስኪደርስ ይጠበቃል፤ እውነተኛ ስምህን በቅጂ መብት መዝገብ ካስመዘገብክ ግን ዘመኑ ዕድሜህና ከሞትህ በኋላ ያሉት 70 ዓመታት ይሆናል። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ወላጆችህ በሕይወት ሳሉ ስምህን ለማስገባት አትቸኩል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላ ቦታ አለ። ለአንባቢዎችህ በኢሜይል ዜና መላክ ስትጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በእያንዳንዱ የንግድ ኢሜይል ግርጌ ትክክለኛ የፖስታ አድራሻ እንዲሰፍር ያስገድዳል። እኔ አንድ ወር ሙሉ የምኖርበትን አፓርታማ ቁጥር እየጻፍኩ ዜናዬን ስልክላቸው ኖሬአለሁ፤ ሳውቅ እንቅልፍ አጣሁ። ሕጉ የፖስታ ሣጥን ስለሚቀበል በዚያው ሳምንት ተከራየሁ። አንተ ከመጀመሪያው ቀን ተከራይ።

ስለ ገቢው በአጭሩ ልንገርህ። በአማዞን የኪንድል አሠራር ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር የሆነ መጽሐፍ 70 በመቶ ሊያስገኝልህ ይችላል፤ ከዚህ ወሰን ውጭ ያለው 35 በመቶ ነው። ስለዚህ በ0.99 ዶላር የሚሸጥ አጭር ታሪክ 35 ሳንቲም ገደማ፣ በ2.99 የሚሸጠው ግን ወደ 2 ዶላር ይሰጥሃል። ከዚህ ላይ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ግብር አለ። አማዞን «ኪንድል አንሊሚትድ» የሚለው የኪራይ ንባብ መርሐ ግብር ውስጥ ከገባህ መጽሐፉን በዲጂታል ሌላ ቦታ ለ90 ቀን መሸጥ አትችልም። የወሲብ ልቦለድ በአማዞን ማስታወቂያ አይፈቀድለትም፤ የአዋቂ ተብሎ ምልክት ከተደረገበትም ከአጠቃላይ ፍለጋ ውስጥ ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የክፍያ ድርጅቱ ፔይፓል ስማሽወርድስ የተባለውን የዲጂታል መጽሐፍ መደብር አንዳንድ የወሲብ ልቦለድ ዓይነቶችን ከመደብሩ እንዲያነሣ ጠይቆት፣ ደራስያን በብርቱ ከተቃወሙ በኋላ ነው አቋሙን ያላላው። ስለዚህ እንጀራህን በአንድ መደብር ላይ አታንጠልጥል። የእኔን ኪራይ የሚከፍለው የወንጀሉ ስም ነው፤ የወሲቡ ስም መብራትና ውኃውን ይችላል። መጋዘኑን ገና አትልቀቅ። ይህን የሚያነብ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ካለም፣ ከመጽሐፍ የሚገኝ ገቢ እንደ ሥራ ሊቆጠርበት ስለሚችል ጠበቃ ሳያማክር ለሽያጭ አያውጣ።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። የወሲብ ልቦለድ ስትጽፍ እንግሊዝኛው የሰጠህን ቃል ብቻ ይዘህ አትሂድ። ብዙ የአገራችን ልጆች እዚህ ዘርፍ ሲገቡ ከሌሎች መጻሕፍት የለመዱትን የገላ ቃል ይደረድራሉ፤ ሰዎቹ ግን ከየትም ያልመጡ ይመስላሉ። የእኛ ቋንቋ ለእንግሊዝኛ የሌለ ሀብት አለው። ምሳሌ ልስጥህ። ካሳተምኳቸው ታሪኮች በአንዱ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የመንዝ ደጋ የሚኖር የባና ሸማኔና ከቆላ የሚመጣ ነጋዴ አሉ። ሸማኔው ነጋዴውን «አንቱ» ይለዋል፤ ነጋዴው ሸማኔውን «አንተ» ይለዋል። ውርጭ መንገድ ዘግቶባቸው በአንድ ባና ሥር ባደሩበት ሌሊት ነጋዴው «ከእንግዲህ አንቱ አትበለኝ» ይለዋል፤ ሸማኔው ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ በመጨረሻ «አንተ» የምትለውን ቃል በሹክሹክታ ያወጣታል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው የገላ ትርክት ሁሉ ሙቀቱን ያገኘው ከዚህች ቃል ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለመሸከም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ስላለው ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ፤ ሸማኔው እስከዚያ ምዕራፍ ድረስ ነጋዴውን በማዕረግ ብቻ እንዲጠራውና የመጠሪያ ስሙን አንድም ጊዜ እንዳያነሣ አደረግሁ። ስሙ በዚያ ሌሊት ብቻ ተጠራ።

ሌላም አለ። እናቶቻችን ወንድ ልጃቸውን ሲያቆላምጡ «ነይ እስኪ፣ አንቺ» ይሉታል፤ ሴቷን ደግሞ «ና የኔ ጌታ» ይሏታል። ፍቅር በበዛ ጊዜ የቃል ፆታ መገልበጡ በየቤታችን የታወቀ ነገር ነው። ሁለት ወንዶች በፍቅር ጊዜ «አንቺ» ሲባባሉ አንባቢው ቅብጠት ወይም ፌዝ እንዳይመስለው፣ ይህን የእናት ቃል አስቀድመህ ታሪኩ ውስጥ አስቀምጠው። እኔ «አንቺ»ን ሳልተረጉም በእንግሊዝኛው ውስጥ እንዳለ ተውኳት፤ አንድ አርታዒ ሰርዛት ነበር፣ ወደ ቦታዋ መለስኳት። እንዲህ የሚዋደዱትን ሰዎች የምትጠራበት ስምም ያስቸግርሃል፤ ሕጉና ቤተ ክርስቲያኑ የሚጠቀሙበት ቃል ፍርድን በውስጡ ይዟል፤ አዲስ አበባ ያሉት ራሳቸው ግን «ዜጋ» ይባባላሉ፤ ንግግር ውስጥ እርሱን ተጠቀም።

የገጠር ታሪክ ስትጽፍ ዕድሜን በግልጽ ተናገር። በአያቶቻችን ዘመን ልጆች ያለ ዕድሜያቸው ይዳሩ ስለነበር የዚያ ዘመን ትረካ ወደ እጅህ ሾልኮ ይገባል፤ በወሲብ ልቦለድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ማንም ሰው ሊኖር አይገባም፤ ይህ የመደብሮቹ ደንብ ብቻ ሳይሆን የእኔም ጽኑ አቋም ነው።

አገር ቤት ላሉት መጽሐፉን አትላክላቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ግንኙነትን ይቀጣል፤ በአንቀጽ 640 ደግሞ አስነዋሪ የተባለ ጽሑፍን መሥራት፣ ወደ አገር ማስገባትና ማሰራጨት ያስቀጣል። አንተ እዚህ ሆነህ የጻፍኸው፣ ወንድምህ ደብረ ብርሃን ስልኩ ላይ ቢገኝበት መከራው የእርሱ ነው። ለጥምቀት ስትሄድም ላፕቶፕህን አጽድተህ ሂድ።

አስተያየት፣ ከአንኮበር

ልጆቼ፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ የሁለት ወንድ ወይም የሁለት ሴት እንዲህ ያለ ግንኙነት ኃጢአት ነው ብዬ የማምን ሰው እንደሆንኩ አልደብቃችሁም። ሰውን መስደብ ግን አባቶቼ አላስተማሩኝም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው ልጄ። በፈረንጅ አገር፣ በፈረንጅ ቋንቋ መጻፍሽ የራስሽ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ባናውን፣ የመንዝን ደጋ፣ የእናቶቻችንን ቁልምጫ ለምን ትጨምሪበታለሽ? ይህ የሁላችን ንብረት ነው፤ አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሁላችንን ወክለሽ የምትናገሪ ትመስያለሽ።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

ጋሼ፣ በአክብሮት ስለ ጠየቁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ ብዙ ሌሊት ያሰብኩበትም ነው።

ባናውን የጨመርኩት ሌላ ልጅነት ስለሌለኝ ነው። እናቴ የበግ ጠጉር ስትፈትል እንዝርቱ ሲሽከረከር የምሰማው በባና ሥር ተኝቼ ነበር፤ ሙቀት የሚለውን ነገር ያወቅሁት እዚያ ነው። እኔ ራሴ ከሴት ጋር ነው የምኖረው፤ ይህንንም ያወቅሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ አይደለም፣ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ሌላ አገር ላይ ብጽፈው እውነቱን እሰርቃለሁ።

ውጭ አገር መጻፍንም በተመለከተ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ነው፤ ባለታሪኳ ጦብያም ወንድ መስላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው ከአባቷ ጋር አገር የምታቋርጠው። የአፈወርቅ ልቦለድ የእኔን ነገር ይደግፋል ማለቴ አይደለም። የደብረ ሲናው ዳኛቸው ወርቁም የእኛን የሸዋ አነጋገር በ«አደፍርስ» ካኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ልቦለድ አሳትሟል። በዘመኑ አገራችንን እንደዚህ አታሳይ ያሉት ሰዎች እንደነበሩ እገምታለሁ። ሁላችሁንም ወክዬ እንዳልመስል ግን የሚሉት ትክክል ነው፤ በሚቀጥለው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ታሪኩ የአንድ ቤት ታሪክ መሆኑን እጽፋለሁ፤ ይህን ያሳሰቡኝ እርስዎ ነዎት።

ወንድሜ፣ ስለ ወላጆች የጠየቅኸኝን ሳልመልስ ቀርቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለጥምቀት አገር ቤት ሄጄ ነበር። እናቴ ገብስ እየቆላች «ይህ የምትጽፊው ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለሚዋደዱ ሰዎች ነው አልኳት። ምጣዱን ሁለት ጊዜ ካማሰለች በኋላ «መጨረሻቸው ያምራል?» አለች። ያምራል አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ምን ያህል እንደገባት አላወቅሁም፤ ያልዋሸኋት በመሆኔ ግን ሰላም አለኝ።

የሦስተኛውን መጽሐፍህን ሁለቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የሚነጋገሩበትን ምዕራፍ ላክልኝ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጽፈህ ላክ። ጎን ለጎን አንብቤ፣ ማን ማንን «አንቱ» እንደሚል እንግሊዝኛው ውስጥ የጠፋበትን ቦታ በቀይ አሰምርልሃለሁ።