አስታማሚ ከቀብር ቢቀር ይቀጣ? (ከአንድ የድሬዳዋ እድር የስልክ ቡድን፤ ተናጋሪዎቹ በሰፈራቸው ወይም በሥራቸው ተጠርተዋል)

የእድሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእሑዱ ስብሰባ የሚቀርበውን ጉዳይ እዚሁ ቀድመን እንድንነጋገርበት ሰብሳቢው አዘውኛል። አንዲት አባላችን በዚህ ዓመት ከ3 ቀብር ቀርተዋል። በደንባችን መሠረት ተቀጡ፣ ቅጣቱንም እስካሁን አልከፈሉም። ምክንያታቸው ልጃቸውን ጥለው መውጣት አለመቻላቸው ነው። ልጁ የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ በሙሉም እንዳላወቀ ይሆናል። ቅጣቱ ይነሣላቸው? እንዲህ ላለው ቤትስ ከሣጥኑ የሚወጣ ነገር ይኑር? አደራ፣ ስም አትጥሩ።

የዲፖው፦
እኔ አልስማማም። እድር ለቀብር ነው የተቋቋመው። ዛሬ ለአእምሮ ካልን ነገ ስኳር፣ ከነገ ወዲያ ኩላሊት ይመጣል። ድንኳኑ ተቀዷል፣ ግማሹ ወንበር እግር የለውም። እኔ ሌሊት ጥበቃ አድሬ በማግስቱ ቀብር እወጣለሁ፣ ማን ማረኝ? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር አቦ፣ ልጁን ያበላሸው በርጫ ነው። የጫት ትራፊ፣ ገራባ ሲለቅም አላየነውም?

የቀፊራዋ፦
ድሬ ላይ በርጫ የማያውቅ ቤት እስቲ ቁጠርልኝ! ሁሉም ለምን አልታመመም ታዲያ?

ነርሷ፦
ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ ያመመውን ሰው ያብስበታል፣ ከልክ ሲያልፍም የሌለ ድምፅ እስከማሰማት ያደርሳል። ይሄ እውነት ነው። ግን አንዲት ቅጠል ሳይቀምሱ የታመሙ ብዙ አይቻለሁ። ደም ግፊት የያዘውን ሰውዬ "ጨው ያበዛ ነበር" ብለን ሳንጠይቀው ቀርተን እናውቃለን?

አባባ ግሪክ ካምፕ፦
አማኑኤል ይውሰዱት እንጂ። በእኛ ጊዜ እንደዚያ ነበር።

ነርሷ፦
አባባ፣ ያኔ በአገሩ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ስለነበር ነው። አሁን እዚሁ ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በወር አንዴ የሚወሰድ መርፌም አለ፤ በየቀኑ ክኒን ዋጥ አትዋጥ ከሚለው ግብግብ ያሳርፋል። ችግሩ ታማሚውን እዚያ የሚያደርሰው ሰው ነው። እናት ብቻዋን ትልቅ ወንድ ልጅ ጎትታ ባጃጅ ላይ ማውጣት አትችልም።

የሳቢያኑ፦
ቁልቢም ወስደውት ነበር። የእኛ ጎረቤቶች ደግሞ ሼኽ ጋ ውሰዱት ብለዋቸው ነበር። እምነትን ነርስ ልትከለክል ነው?

ነርሷ፦
ማን ከለከለ? ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል። መድኃኒቱ አይቋረጥ ነው የምለው፣ በቃ።

የእድሩ ጸሐፊ፦
እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ወገን መያዝ የለብኝም። ግን የሆነውን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ቅጣቱን ልቀበል ካርኔ ይዤ ሄድኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ የሰኔን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሴትዮዋ ሻይ ቀዱልኝ። ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል በውጭ በኩል ቁልፍ ተንጠልጥሎባታል፣ ከበሩ ሥር የፕላስቲክ ውሃ መጠጫ ተቀምጧል። ልጁ ድምፄን ሲሰማ ከውስጥ "ማነው?" አለ። እናቱ "የእድር ሰው ነው" አሉት። ትንሽ ዝም ብሎ "ማን ሞተ?" አለ።

ካርኔውን ሳላወጣ ተመለስኩ። ገንዘብ ያዡ እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል።

እስቲ አስቡት፣ ካንሰር የያዛቸውን አባላችንን ዘንድሮ ብቻ ስንቴ ብርቱካን ይዘን ጠየቅን? እዚያ ቤት ግን 4 ዓመት ሙሉ ለጥየቃ የሄደ ማን ነው? እኔም አልሄድኩም።

የዲፖው፦
ማን ከለከለን? ራሳቸው እኮ ናቸው የደበቁት።

ነርሷ፦
ለምን ይደብቃሉ ነው ጥያቄው። ከ20 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ቡታጅራ አካባቢ 178 የታማሚ ዘመዶች ተጠይቀው ነበር። 75 በመቶዎቹ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ነገሩን መደበቅ የፈለጉት ደግሞ 37 በመቶ ናቸው። የታማሚው እህት ባል ታጣለች፣ ቤቱ ተከራይ ያጣል። አንተስ ብትሆን?

ጸሐፊው ስላነሡት ክፍል ግን አንድ ነገር ልበል፣ ክርክሩን ለጊዜው ተዉት። እነዚህ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀቱን እንዳያስተካክል፣ እንዳያልብም ያደርጋሉ። መድኃኒቱ ለሚያመጣው መንቀጥቀጥና መገተር የሚሰጠው ክኒን ደግሞ ላቡን ይብስ ይቀንሰዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድሬ ቀትር ቆርቆሮ ውስጥ ከተዘጋበት ሊሞት ይችላል። ዛሬውኑ ወደ ዋናው ቤት ይግባ፣ መስኮት ይከፈትለት፣ ውሃ በብዛት ይጠጣ። ማታ እሄዳለሁ፣ አብሮኝ የሚመጣ ይጻፍልኝ።

የቀፊራዋ፦
እኔ አለሁ።

አባባ ግሪክ ካምፕ፦
በ98 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከ200 በላይ ሰው አጥተናል። ይሄ እድር ሳይተኛ ነው የቀበረው፣ እኮራበታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ልብሳቸውን ሳያወልቁ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ባለቤቴ አንዷ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም፤ "ትረሳዋለች" ነው የተባለው። አማኑኤል ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ነርሷ፦
ሌላ ቦታ እኮ ተሞክሯል። ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ላይ ነርስ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ለሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ይከታተሉ ነበር። እድሮችንም ያነጋግራሉ። 166 ታማሚዎች በጥናቱ ነበሩ፤ ከሕክምናው በላይ ይሄ ክትትል የተጨመረላቸው፣ ዓመት ላይ ሲታዩ፣ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ሥራቸውን በተሻለ መሥራት ችለዋል። ከሣጥን ብር ይውጣ አላልኩም። ቀብር ሲኖር ከልጁ ጋር ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ተራ እናውጣ፤ የተቀመጠው ቀብር እንደደረሰ ይቆጠርለት።

ባጃጁ፦
ለመርፌው ቀን ማድረሱን ለእኔ ተዉት። ነዳጅ አልጠይቅም፣ ቀኑን ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።

የዲፖው፦
ተራው ይሁን፣ እሱን እደግፋለሁ፤ ስሜን ጻፉ። ደንቡ ግን ደንብ ነው፣ ቅጣት ይነሣ ካላችሁ እጄን አላወጣም። የ3ቱን ቀብር እኔ እከፍላለሁ። ካርኔው በሴትዮዋ ስም ይቆረጥ።

የእድሩ ጸሐፊ፦
የሌላ አባል ቅጣት መክፈል በደንቡ ይቻላል ወይ የሚለውን አጀንዳ ላስገባው?

የቀፊራዋ፦
ኧረ በአላህ!